ሥራ ያልፈታች እጅ

ለውድ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበትህ? ሲበርድ የሚነሳብህ ጉልበትህስ ተሻለው ወይስ ደረጃ ባየ ቁጥር አሁንም ያማርራል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ያቺ ቤቱን የምታምሰው የመጨረሻዋስ ደኅና ናቸው? እኔ ከናፍቆትህ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስልህ ደግሞ እንደ ወትሮው ለወጉ ያህል አይደለም።

ፖስታውን ስትከፍት «ይህን የጫረው ዶሮ ነው እንዴ?» ሳትል አልቀረህም። ዶሮ አይደለም፤ እኔው ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የላክሁልህን ደብዳቤ ሁሉ የጻፈችው የልጄ ልጅ ነበረች፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ግማሹንም ታሳጥራለች። መስመር በሳትህ ቁጥር ጣትህን በማስመሪያ ስመታህ የነበርሁት እኔ፣ የገዛ ስሜን መፈረም አቅቶኝ እንደነበር ግን ደብቄህ ቆይቻለሁ።

እጄ መንቀጥቀጥ መጀመሯን ታውቃለህ። እንዴት ቤት እንዳስቀረችኝ አታውቅም። የማተሚያ ቤቱ አለቃችን ጡረታ ሲወጣ በተደረገው ግብዣ ላይ ሻይ ላቀብለው ብዬ ጭኑ ላይ ደፋሁበት። እሱ «ምንም አይደለም» አለ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ያየኝ ሁሉ ብርጭቆ ከእጄ ይቀማ ጀመር፤ ጎረቤት እንኳ ለእኔ ሲሆን የሚቀዳው ግማሽ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤቱ የሰው ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ሳርም ኖሬ፣ በስተርጅና የራሴ እጅ የማትታረም ስህተት ሆነችብኝ። በሬን ዘጋሁ። አንተም «እጅሽን አሳርፊያት» ብለህ ጻፍህልኝ። ለደኅንነቴ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያን ዕለት ግን አልቅሻለሁ።

የልጄ ልጅ ሳትጠይቀኝ ሄዳ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት በሚሰጥ የፎቶግራፍ ትምህርት አስመዘገበችኝ። ትምህርቱ እንደኔ ከቤት ለዋሉ፣ አካላቸው አልታዘዝ ላላቸው ሰዎች ነው። ካሜራ ያውሱናል፤ እኛ ኑሯችንን እናነሳለን፤ ከሥሩም በራሳችን ቃል እንጽፋለን። ከጎኔ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ተቀመጠ። የመጀመሪያ ሥዕሎቼ ሁሉ ውሃ ውስጥ የወደቁ ይመስሉ ነበርና፣ «እትዬ፣ ብርድ የያዘው ካሜራው ነው ወይስ እርስዎ?» አለኝ። «እርስዎ መንገድ ላይ ያንገላቷቸው ተሳፋሪዎች ናቸው የረገሙኝ» አልሁት። እሱ ሲስቅ እኔ በልቤ ዳግመኛ ላልመለስ ወስኜ ነበር፤ የልጄ ልጅ ግን በየሳምንቱ ክንዴን ይዛ ወሰደችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት አሠልጣኟ የታጠቡትን ፎቶግራፎች አደለችንና አንዳችን የሌላውን አይተን አስተያየት እንድንሰጥ አዘዘች። ለእኔ የደረሰኝ የአንዲት መስማት የማትችል ልብስ ሰፊ ነበር። የአንድ ደንበኛ ሥዕል ነው፤ ከአፍንጫ በላይ የለም፤ አፍ፣ አገጭና አንገት ላይ የተንጠለጠለ ሜትር ብቻ። አሁን የምነግርህን ስትሰማ አትሳቅ፤ ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁና እዚያው ፎቶግራፉ ላይ አረምሁት። ጠርዙ ተጣሟል፤ ብርሃኑ በዝቷል፤ ራሱ ተቆርጧል። ዐሥራ አንድ ምልክት፣ እየተንቀጠቀጥሁ። ሴትዮዋ በሕይወቷ ያነሳችው የመጀመሪያ ፎቶግራፍ ነው። ተቀበለችኝ፤ አየችው፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች። ሾፌሩ «እትዬ፣ ከመቶ ስንት ሰጧት?» አለኝ።

አሠልጣኟ ለብቻዬ ጠርታ፣ ልብስ ሰፊዋ ሰው የሚናገረውን የምትረዳው ከከንፈሩ እንደሆነ ነገረችኝ። ሰው ወደ ሱቋ ሲገባ የምታየው አፉን ነው። ራሱ የተቆረጠው በስህተት አልነበረም፤ ዓለሟን እንደምታየው አድርጋ ነው ያሳየችን። እኔም የምታይበትን ዓይን በቀይ ሰረዝሁባት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

በማግሥቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ከቤት ወጣሁ። ሱቋ በር ላይ ስደርስ እጄ ከወትሮው ብሶባት መክፈት እንኳ አቃተኝ፤ ከውስጥ አይታኝ ከፈተችልኝ። ይቅርታዬን ቀስ ብዬ ተናገርሁ፤ አፌን አየች። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገች። የእጄን አንጓ ይዛ፣ እጅጌ እንደምትለካ ሁሉ፣ እያገላበጠች መረመረችው። አንገቴ ላይ ያንጠለጠልሁትን ካሜራም በሜትር ለካች። ቁራጭ ወረቀት ላይ «ቅዳሜ ነይ» ብላ ጻፈችልኝ።

ቅዳሜ ስሄድ ከሱሪ ገበር የሰፋችውን፣ አሸዋ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ሰጠችኝ፤ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ነው። ካሜራው እዚያ ላይ እንደ ሕፃን ይተኛል። አሠልጣኟም አዝራሩን ከነካሁት ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሱ እንዲያነሳ አስተካከለችልኝ፤ ነክቼ እጄን አነሳለሁ። እኔም በምላሹ ልብስ ሰፊዋ በምልክትና በቁርጥራጭ ወረቀት የምትነግረኝን ቃል ለፎቶግራፎቿ እጽፍላት ጀመር። ቀዩን እስክሪብቶዬን ግን ተቀብላኝ ከመቀሷ ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። እስካሁንም አልመለሰችልኝም።

ባለፈው እሑድ የሁላችንም ሥራ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ተሰቀለ። የእሷ ያው ደንበኛ ነው፣ በአዲስ ታትሞ፤ ከሥሩ «ሰው የማየው ከአፉ ጀምሬ ነው። ዓይን ብዙ ይደብቃል፤ አፍ ግን ሲዋሽ ይደክመዋል» ይላል። አንድ ፊደል አልነካሁባትም። የእኔ ደግሞ በመስኮት ብርሃን የተነሳ ነው፦ ጠረጴዛ፣ እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ ሻይ፣ አጠገቡ እጄ። ካሜራው ዓይኑን ከፍቶ ትንሽ ስለቆየ፣ ጠረጴዛውም ብርጭቆውም ጥርት ብለው ቀርተዋል፤ እጄ ብቻ እንደምትበር ወፍ ክንፍ ሆናለች። ከሥሩ «ሁሉም አርፏል። እጄ ግን ሥራ አልፈታችም» ብዬ ጻፍሁ።

የልጄ ልጅ ጉደኛ ናት፤ የድሮ አለቃችንን ጋብዛው ኖሮ መጣ። ፎቶግራፌ ፊት ብዙ ቆመና «ይህ ሻይ ያ ሻይ ነው?» አለኝ። «የእሱ ታናሽ ወንድም ነው» አልሁት። ሾፌሩ ከኋላ «ጌታዬ፣ ሱሪዎን ይጠብቁ» አለ። እኔም ሄጄ ሻይ ቀዳሁለት፤ ሙሉ ብርጭቆ። መንገድ ላይ ጥቂት ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ያያል፤ ከእጄ የቀማኝ ግን የለም። በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ የፈሰሰውንም ወደ ብርጭቆው መልሶ ጠጣው። ልብስ ሰፊዋ ከዳር ሆና አፌን እያየች ነበርና፣ ድምፅ ሳላወጣ «አየሽ?» አልኋት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት ያንኑ የአሸዋ ከረጢት አንጓዬ ሥር አድርጌ ነው። አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ፎቶግራፉንም አብሬ ልኬልሃለሁ።

ባለቤትህን በጉንጯ ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክክ ብሎልኛል በላት። ትልቁ ልጅህ ከትምህርቱ እንዳይዘናጋ፤ አክስትህ ማስመሪያዋን አልጣለችም በለው። መንትዮቹን እኩል ሳማቸው፣ አለዚያ ይጣላሉ። የመጨረሻዋ እጄን ፎቶግራፉ ላይ እንድትነካት ፍቀድላት። የልጄ ልጅም እጅ ነስታለች፤ ከእንግዲህ ከጸሐፊነት ስለተሰናበተች ደስ ብሏታል።

አንተም ደብዳቤው ውስጥ ስህተት ካገኘህ በቀይ ምልክት አድርገህ ላክልኝ፤ የማስመሪያውን ብድር መልስ። ፎቶግራፉን ግን እንዳትነካብኝ።

የምትወድህ ታላቅ እኅትህ፣ በገዛ እጄ
ከአሮጌው ቤቴ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ዝናቡ ባባራበት ሐሙስ