ወናፍ ረጋጩ

አሥራደ ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል?

ትናንት ከሰዓት እዚህ ፈረንጅ አገር በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን፣ ባሮክ የሚሉትን የጥንት ሙዚቃ እየሰማን መብራት ጠፋና በኤሌክትሪክ አየር የሚነፋው ትልቁ ኦርጋን ጸጥ አለ። ተጫዋቿ ሃይልከ ከሰገነቱ ብቅ ብላ፣ «የድሮውን ወናፍ የሚረግጥልኝ ወፍራም ሰው እፈልጋለሁ!» ስትል ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

«ተነሣ እንጂ! ያን ሁሉ ቋሊማ የበላኸው ለዛሬ አይደል?» አለኝ ጎረቤቴ ኦኖ።

ወጥቼ ስረግጥ ያ የሦስት መቶ ዓመት ዜማ ከእግሬ ሥር ተነሣ። ስደክም ይደክማል፣ ስበረታ ይበረታል። አንተ ማኅሌት ቆመህ ስታድር ዜማውን በጉልበትህ እንደምትይዘው ማለት ነው። ስወርድ ያ ቀልደኛ ኦኖ እንባውን ይጠርጋል።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ደብሪቱን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። አንተ «የሞተ ሙዚቃ» የምትለው ደህና ነው፤ በድካም የሞትኩት እኔ ነኝ!

ጥላዬ