የአለቃዬ የሕይወት ታሪክ

ጥር 9
ማተሚያው ዛሬም ወረቀት በላ። የአለቃዬን የሕይወት ታሪክ ለሰባተኛ ጊዜ ጻፍኩ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ማንም ስለማያየኝ አንቱታው ይቅር። ለምክር ቤት ሊወዳደር ነው። «ታጣቂ የሚል ቃል እንዳላይ!» አለ። አወጣሁ። ፎቶውንም ቆረጥኩት። ግራና ቀኝ ጠመንጃ ይዘው የቆሙት ሰዎች ወጡ፣ ግን ትከሻው ላይ አንድ እጅ ቀረ…
«የማን እጅ ነው ቢሉስ?»
«የአክስቴ ልጅ በይ።»
ፀጉራም እጅ ነው። ይሁን፣ የአክስት ልጅ ፀጉራም አይሆንም ያለ ማን ነው?

ጥር 21
ወንድሜ ከጠፋ ዛሬ አምስት ዓመት። ከሚሠራበት ዳቦ ቤት ታጣቂዎች ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በመኪና ጭነው ወሰዱት። በቃ። እማዬ አሁንም በር ሲንኳኳ ቀድማኝ ትነሳለች። እኔ ሞቷል ባይ ነኝ። ግን አስከሬኑን ሳላገኝ እንዴት ብዬ ልንገራት?

የካቲት 3
ሰላም ተፈረመ! ቢሮው በጭብጨባ ተናወጠ። ቆየት ብሎ ዝርዝሩ መጣ። የሠሩትን ሁሉ ለሚናዘዙ የታጣቂ አዛዦች ምሕረት… ከምሕረቱም ጋር ብዙ ሰው ለመሩት አሥር አዛዦች ያለ ምርጫ የምክር ቤት ወንበር። ኑዛዜው በሚስጥር ይያዛል።
ጠዋት ጠመንጃ በፊልም ብቻ ያየው አለቃዬ አሥር ሰዓት ላይ ጠራኝ።
«ስንት ሰው መርተዋል ልበል?»
«ሁለት መቶ… ቆዪ፣ ያ ተቀናቃኜ ስንት አለ?»
«ሁለት መቶ ሃምሳ።»
«ሦስት መቶ በይ።»
ፎቶውም ሙሉው ይያያዝ ተባለ። የአክስቱ ልጅ ከነጠመንጃው ተመለሰ። ሳቄን ለመዋጥ ሽንት ቤት ገባሁ።

የካቲት 12
የምሕረቱ ቅጽ ክፉ ነው። መቼ፣ ማን ተወሰደ፣ የት ተቀበረ… አንድ ባዶ ቦታ ካለ አይቀበሉም። አለቃዬ ጥርሱን እየጎረጎረ ያስጽፈኛል።
«ቀጥሎ የዳቦ ቤቱ። አራት ሰው። ትዕዛዙ የእኔ።»
ጣቴ ቆመ።
«የተቀበሩበት ቦታስ?»
«ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ፣ ከውሃ ጋኑ በስተቀኝ።»
ወዲያው። ሳያስብ። የመራቸውን ሰዎች ቁጥር እንኳ ሲያሰላስል የከረመ ሰው!
«አመመሽ እንዴ?»
«ደህና ነኝ። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»
በሦስት ቅጂ ፈረመ። ጉራ ይሆን? ውሸት ይሁን እያልኩ፣ እውነት ይሁን እያልኩ ቤቴ ደረስኩ። ሁለቱንም ፈልጌያለሁ።

የካቲት 13
ቅጹን ራሴ ወስጄ ለምሕረት ኮሚሽኑ አስረከብኩ። መልእክተኛ አላምንም።

መጋቢት 8
ቆፈሩ። አራት ናቸው። ወንድሜን እግሩ ውስጥ ባለው ብረት አወቅነው፤ ኳስ ሲጫወት ተሰብሮ ያስገቡለት። ዛሬ ቀበርነው።
አለቃዬም ዛሬውኑ ቃለ መሐላ ፈጽሞ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከቀብር እንደተመለስን ደወለ።
«ወንድምሽ ነው አሉኝ፣ አላወቅኩም። አይዞሽ። ሰኞ ስትመጪ የሕይወት ታሪኬ ላይ ‹የጠፉ ዜጎችን አስከሬን ያስገኘ› ብለሽ ጨምሪልኝ።»
ዘጋሁበት።
«ማነው?» አለች እማዬ።
«አለቃዬ።»
«እግዜር ይስጣቸው! ቦታውን የጠቆሙት እሳቸው ናቸው ሲባል በዜና ሰማሁ። ሄደን እናመስግናቸው እንጂ።»
ያኔ ሁሉንም ነገርኳት። ቅጹን፣ ትዕዛዙን…
«ስንት ዓመት ጻፍሽለት?» አለችኝ።
አራት።