የዙህራ መስመር

ኅዳር 9፣ 2007

ሊቀመንበራችን ኦቦ ቶላ በስልክ ሲያወሩ በግድግዳው በኩል ሰማኋቸው። «ከእንግዲህ እኛ ዝም ነው። ሪፖርቱ ራሱ ይናገራል።»

ጠበቅሁ። እስከ ምሳ ሰዓት አልተናገረም። ከምሳ በኋላ መዝጋቢያችን ሶፊያ ሪፖርቱን አትማ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። አሁንም ዝም።

ለራሴ ልጻፈው፤ ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል። የጽዳት ማኅበራችን የጭሮን ቆሻሻ ከየቤቱ በጋሪ ያነሳል፣ በየወሩ ያስከፍላል። ባለፈው ወር አንድ ፕሮጀክት ኮምፒውተርና ሶፍትዌር ሰጠን። ሶፍትዌሩ «የሽያጭ ሪፖርት» አወጣ። ሽያጭ? ምን ሸጥን?

እዚህ ገንዘብ ተቀባይ ከመሆኔ በፊት፣ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ቲኬት ስቆርጥ፣ ሽያጭ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ሰው ይከፍላል፣ ቲኬቱን ይቀበላል። መሳፈሩ የራሱ ጉዳይ ነው።

ኅዳር 12

ጫት ነጋዴው በድሪ አዲሱን ደረሰኝ ይዞ መጣ።

«መኮንን፣ ቆሻሻዬን ወስዳችኋል?»

«ወስደናል።»

«እዚህ ላይ ሽያጭ ይላል። ምን ገዛሁ?»

«አገልግሎት።»

«የት አስቀመጥኩት?»

ደረሰኙን መለስኩለት። ከፈለ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። «የጫቱን ገራባ ለፍየሎቼ ብሰጥ ይሻለኝ ነበር። እነሱ በልተው ዝም ነው፤ ደረሰኝ አይቆርጡም።»

ኅዳር 20

ስብሰባ። ኦቦ ቶላ ግራፉን አሳዩን። ሦስት ጋሪ ነጂ፣ ሦስት መስመር። የላይኛው ሰፈር የጂሬኛ ወደ ላይ። የገበያው የዓሊዩ መሃል ላይ። ከአስፋልት በታች ያለው የዙህራ መሬት ላይ ተኝቷል... መጀመሪያ የግራፉ ጠርዝ መስሎኝ ነበር።

«ከአስፋልት በታች ሽያጭ ዜሮ» አሉ። «እስከ ጥር ካልተነሳ መስመሩን እንዘጋለን። ጋሪውም ለጂሬኛ ይሰጣል።»

ዙህራ ከኋላ ተነሳች። «ዜሮ ከሆነ ያን ሁሉ ቆሻሻ እኔና ኮንትሮባንድ ከየት አመጣነው?»

ኮንትሮባንድ አህያዋ ናት። ጋሪው የማኅበሩ ነው፣ አህያዋ የራሷ። ከሚኤሶ የተገዛች፤ ኬላ ስታይ መንገድ ስለምትለቅ ስሙ ወጣላት።

«ልጆቼ የሚበሉት በዚህ ጋሪ ነው፣ ኦቦ ቶላ።»

«አውቃለሁ። እኔ አይደለሁም እኮ፤ ሪፖርቱ ነው።»

ኅዳር 21

አልገባኝም። ገልብጬም አየሁት።

ታኅሣሥ 3

ሁለተኛ ገጽ እንዳለው ዛሬ አወቅሁ። «ከፍተኛ ደንበኞች» ይላል። ከሆቴሎቹም ከበድሪም በብዙ እጥፍ የሚበልጥ አንድ ሰው አናቱ ላይ ተቀምጧል። ስሙ «ልዩ ልዩ ደንበኛ»።

ኦቦ ቶላ ደስ አላቸው። «ለዓመታዊ በዓላችን ሰርተፊኬት ይዘጋጅለት። ማን ነው ግን?»

ማንም አያውቅም።

«የአባቱን ስም አጣሩና ጻፉ» አሏት ሶፊያን።

መናገር ነበረብኝ? ምን ብዬ? እርግጠኛ አልነበርኩም። ጭሮ ውስጥ ከዚህ የባሰ ስም ሰምቻለሁ።

ታኅሣሥ 10

ከዙህራ ጋር ዞርኩ። ታንኳኳለች፣ የቆሻሻው ማዳበሪያ ከቤት ይወጣል፣ ኮንትሮባንድ ሳትታዘዝ ወደሚቀጥለው በር ትሄዳለች። ሰዉ ይከፍላል። አንዳንዱ እያጉረመረመ፣ ግን ይከፍላል። ታዲያ ዜሮው የት ነው ያለው?

ቢሮ ተመልሼ ሶፊያን ጠየቅኋት።

«የዙህራን ቤቶች የት ላይ ነው የምትመዘግቢያቸው?»

«የቤት ቁጥር የላቸውም ጋሼ። ፕሮግራሙ ያለ ቁጥር እምቢ ይላል። አሠልጣኙ ቁጥር የሌለውን ልዩ ልዩ ላይ ክተቱት ብሎናል።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ትልቁ ደንበኛችን ተገኘ። ሰፈር ሙሉ ሕዝብ ነው። የአባቱ ስም ለማጣራት ያስቸግራል።

ታኅሣሥ 27

ሶፊያ ለቤቶቹ ቁጥር አወጣች፤ እኔና ዙህራ በየበሩ በቀለም ስንጽፍ ሰነበትን። እማማ ፋጤ በራቸው ላይ ቆመው አላስጠጋ አሉን።

«ቤት ላይ ቁጥር የሚጻፈው ሊፈርስ ሲል ነው።»

«ለቆሻሻ ነው፣ እማማ።»

«ቆሻሻው ውስጥ ነው ያለው። ምነው በሬ ላይ?»

ዙህራ በኦሮምኛ ብዙ ነገር አለቻቸው። ፈቀዱ። ምን እንዳለቻቸው ስጠይቃት «ሪፖርት ነው አልኳቸው። አዘኑልን» አለች።

ጥር 6

ተነሳ! የዙህራ መስመር ከወለሉ ተነስቶ ከጂሬኛ በላይ ወጣ። ያው ሰፈር፣ ያው ቆሻሻ፣ ያቺው አህያ... ቁጥር ብቻ ጨመርን።

«አላልኳችሁም? ይናገራል» አሉ ኦቦ ቶላ። መስመሩ ይቀጥላል።

«አላህ ይስጥዎት ጋሼ መኮንን» አለች ዙህራ። ቤት ስገባ ሪፖርት ማንበብ የቻልኩ መሰለኝ።

የልዩ ልዩ ሰርተፊኬት ግን ታትሞ፣ በመስታወት ገብቶ ነበር። ኦቦ ቶላ ቢሮ ተሰቅሏል።

ጥር 14

ዙህራ በእግሯ መጣች። የጥምቀት ለት ሌሊት ጅብ በረቱን ጥሶ ገብቷል። «ገመዷን ብቻ ተወልኝ» አለች።

አብሬያት ገባሁ። ማኅበሩ አህያ እንዲገዛላትና ከደመወዟ ቀስ በቀስ እንዲቆረጥ ለመንን። ኦቦ ቶላ ሪፖርቱን ገለጡ።

«መስመርሽ እኮ አንደኛ ነው። ችግር ያለበት አንደኛ ይወጣል?»

«አህያ የለኝም፣ ኦቦ ቶላ።»

«እሺ፣ ሰምቻለሁ። የየካቲት ሪፖርት ይታይ። ወርዶ ከተገኘ በማግሥቱ እንገዛለን። ቦርዱ ማስረጃ ይፈልጋል።»

ክፉ ሰው አይደሉም። በረንዳው ላይ «መውረዱ አይቀርም፣ ታገሺ» አልኳት። አንድ ሰው እንዲወድቅ ተስፋ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው።

የካቲት 8

ዙህራ በድሪ ዘንድ ጫት ታስራለች፣ ሥራ ያለ ቀን። ጋሪው ግቢያችን ቆሟል። ድመት ወልዳበታለች።

መጋቢት 2

ሪፖርቱ መጣ። ማንም ሳያየው እኔ ያዝኩት። የዙህራ መስመር አንደኛ። እንዲያውም ትንሽ ከፍ ብሏል። መነጽሬን ጠርጌ ደገምኩ... ከፍ ብሏል።

«ሶፊያ፣ ይሄ ልክ ነው?»

«ልክ ነው ጋሼ። ቁጥር ላለው ቤት ሁሉ ወር በገባ ቁጥር ደረሰኙን ራሱ ያወጣል። ያወጣው ሁሉ ሽያጭ ይባላል። ባለፈው ወር ደግሞ ቁጥር ይጻፍልን ያሉ ቤቶች ተጨምረዋል።»

«ቆሻሻው ባይነሳም?»

ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ቆሻሻ የሚል ቦታ የለውም።»

አሁን ሪፖርቱን ማንበብ እችላለሁ። ከማኅበሩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ይህንኑ ለኦቦ ቶላ አስረዳሁ። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ከዚያ የሪፖርቱ ኅዳግ ላይ በእጃቸው ጻፉበት፦ «ከአስፋልት በታች፣ ችግር የለም።» ፈረሙ። ወደ ፋይሉ።

ከዙህራ ሰፈር ከጥምቀት ወዲህ ቆሻሻ ያነሳ የለም።