ወንድማማቾቹ የሳሙና ፋብሪካ ባለቤቶች በ«እትዬ ለምን» ዕረፍት የተሰማቸው ሐዘን

የፋብሪካችን የዳይሬክተሮች ቦርድ፣ ከቤተሰቡ ውጭ የነበሩት ብቸኛ አባሉ፣ ጡረተኛዋ ርዕሰ መምህርት፣ ባደረባቸው ሕመም ማረፋቸውን ለሠራተኞቹ፣ ለደንበኞቹና ለወዳጆቹ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ሐዘኑ ውስጥ ቅናትም አለበት፤ ቦርዱ ይህን አይደብቅም።

እሳቸው እስኪመጡ ድረስ ቦርዱ ማለት እኛ አራት ወንድማማቾች ነበርን። ጉዳዩን ሁሉ እሑድ በታላቃችን ቤት ምሳ ላይ እንጨርስና ሰኞ ለመፈረም ብቻ እንሰበሰባለን። አበዳሪው ባንክ «የውጭ ሰው ካላስገባችሁ ብድር የለም» ሲለን፣ ዝም ይላሉ ብለን እሳቸውን መረጥን። ምሳው ላይ ግን አልጠራናቸውም። በዚህ ምክንያት በልተን የጨረስነውን ነገር ሁሉ ሰኞ ሰኞ ከሀ ያስጀምሩን ጀመር።

በመጀመሪያው ዓመት፣ ለሳሙናው የሚሆነውን ሞራ የሚገዛውም ግዢውን የሚቆጣጠረውም ለምን አንድ ወንድም እንደሆነ ጠየቁ። የወንድማችን ዓይን ደም ለበሰ። ሥራው ለሁለት ሰው ተከፈለ፤ እየተሰነጠቀ ከየሱቁ ይመለስ የነበረው ሳሙናም መመለሱን አቆመ።

በሦስተኛው ዓመት፣ አንዲት የማምረቻ ክፍል ባለሙያ ቦርዱ ፊት ቀርባ ሐሳቧን እንድታስረዳ አደረጉ። ዛሬ ገበያውን የያዘው የልብስ ሳሙና ከዚያ ስብሰባ የወጣ ነው። ሠራተኛው «እትዬ ለምን» እያለ ሲያሞግሳቸው፣ በአባታችን ፋብሪካ የእኛን ስም የሚያነሳ ጠፋ። «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይባላል፤ እሳቸው አላጡም፣ አራታችንም ነበርን።

ባረፉ ማግስት ወንበራቸውን ለታላቃችን አማች ለመስጠት ተስማማን። ቀብራቸው ላይ ግን የተፎካካሪያችን ፋብሪካ ሊቀመንበር ከእኛ በላይ ሲያለቅሱ አይተን ነገሩ ከነከነን። ሰውዬውን ምን አገባቸው? የሟች ባለቤት ነገሩን፤ ሊቀመንበሩ እትዬ ለምንን ወደ ቦርዳቸው ደጋግመው ጠርተዋቸው ኖሯል። የእትዬ ለምን መልስ ግን አንድ ነበር፦ «እነዚያን ልጆች ለማን ጥዬ? የሚጠይቃቸው ሰው እኮ የላቸውም።»

ከ«ልጆቹ» ታናሹ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። እንደ ልጅም አለቀሰ።

ቦርዱ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እየተመኘ፣ የታላቃችን አማች በወንበራቸው እንደማይቀመጥ በዚሁ አጋጣሚ ያስታውቃል። ጥሩ ልጅ ነው። ግን ማናችንም አንቀናበትም።