ባለ አንድ ቀንዷን ፍየል ማን ሰረዛት?

ውድ መምህር ትግሉ፣

«ውድ» ያልኩህ እንደ ወዳጅ እንዳይመስልህ፤ እንደ ስኳር ነው። ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ ውድ የሆነ ነገር ሁሉ ያናድደኛል፤ ዘንድሮ አንተም ከእነሱ ተቆጥረሃል። ዕድሜዬን ፍርድ ቤት የሰውን ቃል ከሶማሊኛ ወደ አማርኛ ሳሻግር የኖርኩ ነኝና ስድቡን በጨዋ አማርኛ አደርግልሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብብ።

አዲስ አበባ እንዴት ተቀበለችህ? ጉንፋን ይዞህ ከሆነ አላህ ይማርህ። ካልያዘህም እጠብቃለሁ።

ግቢዬ ውስጥ የዳሯን ክፍል ተከራይተህ ስትኖር ወድጄህ ነበር፤ አልክድም። መጀመሪያ የግመል ወተት ያለበት ሻይ ስሰጥህ ፊትህ እንደ ተከሳሽ ሲጨማደድ አይቼ፣ «ይሄ ልጅ እስከ ጁምዓ አይቆይም» ብዬ ነበር። ቆየህ። ሶማሊኛም አስተማርኩህ፤ አንዱን ቃል ስትይዝ ሁለቱን እየጣልክ ተማርክ።

የልጅ ልጄ ዒፍራህ አንተ ክፍል ስትገባ፣ «እኔ በፕሮጀክት ነው የማስተምረው» አልከኝ።

«ምንድን ነው እሱ? አስፋልት ልታስነጥፋቸው ነው?»

«አይ አባባ ዲሪዬ! ችግሩን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ራሳቸው ይሞክራሉ። ሲከሽፍም ለምን ብለው ይጠይቃሉ።»

ልጆቹም ፍየል መረጡ። የከተማው ፍየሎች እየገቡ የትምህርት ቤቱን ችግኝ ይጨርሱታል። ካርቶን በልቶ የሚያድር የጅግጅጋ ፍየል ችግኝ ሲያገኝ ሠርግ ነው! ያንተን ኮምፒውተር ከፍተው ኤአይ የምትሉትን ቢጠይቁት «የኤሌክትሪክ አጥር ሥሩ» አላቸው። ዒፍራህ መጥታ ስትነግረኝ፣ «መብራቱ ለእኛስ መቼ በቃንና ነው ለፍየል?» ብዬ ሳቅኩባት።

አንተ ግን ያኔ አስተማሪ ነበርክ። «ማሽኑ ጅግጅጋን አያውቃትም፤ እናንተ ንገሩት» አልካቸው። ስለ ግቢው፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ ፍየሎቹ ነገሩት። ሲነግሩት ጊዜ መልሶ ጠየቃቸው፦ ፍየሎቹ የሚገቡት በየት በኩል ነው? አንድም ልጅ አያውቅም። እኔም አላውቅም። ስለዚህ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ለካስ ውሃ የሚያመጣው የአህያ ጋሪ ሲደርስ ዘበኛው አብዱልመሊክ በሩን ይከፍታል፤ ፍየሎቹም ከጋሪው ኋላ እንደ ሙሽራ አጃቢ ተሰልፈው ይገባሉ። ዒፍራህ እየሮጠች መጥታ «አዎዌ! አዎዌ! አገኘነው!» ስትል ፊቷን ብታየው! አያቷ ሆኜ «አዎዌ» ተብዬ እንደዚያ በደስታ ተጠርቼ አላውቅም።

ለበሩ ተረኛ መደቡ። የፍየል በጠጥም በውሃ በጥብጠው ቅጠሉን ቀቡት፤ ፍየል የራሷን በጠጥ የሚሸት ነገር አትነካም ተብሎ። በጠጡን የሚያቦኩት በእኔ ባልዲ ነበር፤ እስካሁን ባልዲው ይሸታል። ፍየሎቹ አሽትተው ተመለሱ። ባለ አንድ ቀንዷ ፍየል ግን ቅመም የጨመሩላት ይመስል አጣጥማ በላችው።

ዒፍራህ ሪፖርቷ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ባለ አንድ ቀንዷ ፍየል አሁንም ትበላለች። ለምን እንደሆነ አናውቅም።» እኔ ደጅ ተቀምጬ ሳለሁ አነበብክላት፤ «ከሪፖርቱ ሁሉ ይቺ ትበልጣለች፤ ቀጣዩ ሥራችሁ ከዚህ ይጀምራል» አልካት። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደግሞ ጥርሴ እንደከዳኝ አልከዳኝም።

ከዚያ የኤግዚቢሽኑ ቀን መጣ። ያሸነፈ ቡድን አዲስ አበባ ይሄዳል ተባለ፤ እንግዶች ወንበሩን ሞሉት። ለወላጆች ወደ ሶማሊኛ እንድመልስ ለምነኸኝ የፍርድ ቤት ኮቴን ለብሼ መጣሁ። አንተ ሪፖርቱን በአማርኛ አነበብክ፣ እኔ መለስኩ። እንዲህ እስክትል ድረስ፦ «ተማሪዎቹ ባካሄዱት ፈጠራ የታከለበት ጥናት የፍየሎቹ ችግር ሙሉ በሙሉ ተፈትቷል።»

አፌን ስከፍት ዒፍራህ ብድግ አለች። በሶማሊኛ፣ «አዎዌ፣ ያንን እንዳትመልሰው። ውሸት ነው» አለች።

«ምን አለች?» አሉ ከእንግዶቹ አንዷ።

በዓይንህ ለመንከኝ። አይቼሃለሁ። እኔ ግን በፍርድ ቤት የማልኩት ለዓይን አልነበረም። «ውሸት ነው አለች። ባለ አንድ ቀንዷ ፍየል አሁንም ትበላለች አለች። ለምን እንደሆነ አናውቅም አለች» ብዬ መለስኩ። ወላጆች በሳቅ ፈረሱ። ከኋላ አንዱ «የማን ፍየል ናት?» ብሎ ጮኸ፤ የእኔ ናት ያለ የለም። ፍየሏ ራሷ ገብታ ብትመሰክር እንዴት ደስ ባለኝ! ግን ምስክር መቼ በቀጠሮው ቀን ቀርቦ ያውቃል?

በር ላይ ስይዝህ ምን አልከኝ?

«አባባ፣ እኔ አሳምረው ብቻ ነው ያልኩት። ማሽኑ ነው እንደዚያ ያደረገው።»

«ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ! ያዘዘው ማን ነው?»

«አንዲት ፍየል እኮ ናት!»

አንዲት ፍየል! እኔ ከሳሽ የተናገራትን አንዲት ቃል ባሳምር ኖሮ ስንት ሰው ወህኒ ይወርድ ነበር? ማሽኑ እንደ እኔ አስተርጓሚ ነው፤ ያዘዙትን ያሻግራል። ስለ ፍየሎቹ መግቢያ የጠየቀውም እሱ ነው፤ ክፋት የለበትም። አንብበኸዋል። ፍየሏ ከሪፖርቱ እንደተሰረዘች አይተሃል። አይተህም ጮክ ብለህ አነበብከው።

ያም ሆኖ ቡድኑ አሸነፈ፤ ሌሎቹን ልጆች ይዘህ አዲስ አበባ ስትሄድ ዒፍራህን «የቡድን መንፈስ ይጎድላታል» ብለህ አስቀረሃት። ወደ አዲስ አበባ ዝውውርህ ሲወጣም የክፍሉን ቁልፍ ለአብዱልመሊክ ሰጥተህ ሹልክ አልክ፤ እንደ እነዚያ ፍየሎች፣ በተከፈተ በር።

ይህን ሁሉ በሳቅ እውጠው ነበር። የማልውጠውን ስማ። ባለፈው ሳምንት አዲሱ አስተማሪ ስለ ገበያው ቆሻሻ ፕሮጀክት ሰጣቸው። ዒፍራህ ስልኬን ወስዳ ያንኑ ኤአይ ስትጠይቀው ከትከሻዋ በላይ አነበብኩ፦ «ዳኞች የሚወዱትን ጻፍልኝ።» ገበያውን አልሄደችም፣ አላየችም። ለምን ብላት ቀና ብላ፣ «አዎዌ፣ አሁን ገብቶኛል እኮ። መጨረሻው መፈታት አለበት» አለችኝ። ሳትቆጣ፣ ሳታዝን፣ እንደ ትልቅ ሰው።

ይቺን ያስተማርካት አንተ ነህ፣ ትግሉ! «ለምን እንደሆነ አናውቅም» ማለትን አስተማርካት፤ ያለች ዕለት ደግሞ ቀጣሃት። ሁለተኛውን ትምህርት ይዛ ቀረች። እኔ ብመክራት፣ «አያቴ ነህ፣ ትወደኛለህ፣ ለዚያ ነው» ትለኛለች። የነጠቃት ሰው ራሱ ካልመለሰላት በቀር የእኔ ምክር አይሠራም።

ስለዚህ ይቅርታህን ለእኔ እንዳትልክ፤ አልቀበልም። ለእሷ ደውል። ስልኩን አንስቼ ሰጥቻት እወጣለሁ። አላስተረጉምልህም፤ ጡረታ ወጥቻለሁ። በሶማሊኛ ራስህ በላት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስተምርህ የዘለልናት ቃል አለች፤ ይኸው ጻፋት፦ «ዋን ኸልደመይ»። ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ብትጥላት ደግማ ታርምሃለች፤ ማረም ትወድ ነበር።

ባለ አንድ ቀንዷ ፍየል ዛሬም ጠዋት ገብታ በላች። ለምን እንደሆነ አናውቅም። ይህን እንዳታሳምርብኝ።

ያከራየህ፣ የተቆጣህ
ዲሪዬ
ጅግጅጋ