ታሽጎ የሚበላሸው ዲስኬት

ሰኞ
የቀዳሁበት ዲስኬት ዛሬም አልተነበበም! ኮምፒዩተሩ «ተበላሽቷል» ይላል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ቅዳሜ ስቀዳው ደህና ነበር፣ እዚያው አስነብቤ አይቼዋለሁ። ከመቂ እስከ አዳሚ ቱሉ ያሉት እርሻዎች የዓመት መረጃ በሙሉ ያለው በዚህ አንድ ማሽን ውስጥ ነው። ማሽኑ ደግሞ መንቋቋት ጀምሯል። ቅዳሜ ባለሙያው ከአዲስ አበባ መጥቶ ይወስደዋል፤ ሲከፈት ውስጡ ያለው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል ብሏል። እስከዚያ የሚነበብ ቅጂ ከሌለኝ አለቀልኝ።

ማክሰኞ
ትናንት በአዲስ ዲስኬት ቀዳሁ። ኃላፊያችን ጓድ መኮንን እንደ ልማዳቸው ፖስታ ውስጥ ከተው፣ ማኅተም መትተው ካቢኔያቸው ውስጥ ቆለፉበት። ሌላ ቦታ ማሳደር ክልክል ነው። ዛሬ ጠዋት ማኅተሙ እንዳለ ነው፣ ዲስኬቱ ግን አይነበብም።
«እኔ ካሸግሁት ማንም አልነካውም። ከዚያ በፊት የያዝሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «አሻጥር» የምትለዋንም ቃል አወጧት። ጴንጤ መሆኔን ያውቃሉ፤ ጸሎት ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ በጎሪጥ ነው የሚያዩኝ።

ረቡዕ
አቧራ ነው ብዬ ማንበቢያውን በአልኮል ጠረግሁ። መብራት ነው ብዬ ሶኬት ቀየርኩ። ምንም! ጓድ መኮንን እኔን የሚከስ ደብዳቤ ለዋናው መሥሪያ ቤት እያዘጋጁ ነው ሲባል ሰማሁ። ከሰዓት የግዴታው የፖለቲካ ውይይት ክበብ ነበር፣ አንድም ቃል አልሰማሁም።

ሐሙስ
ተነበበ! ትናንት እንደገና የቀዳሁበት ያው ዲስኬት፣ ያው ማኅተም። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።
ከሰዓት ጥበቃው ጋሽ ቶላ ትናንት ለውይይቱ የወጣውን ትልቅ ድምፅ ማጉያ ከአዳራሽ ተሸክመው መጡ። የሚቆለፍበት እዚያው ካቢኔ ውስጥ ነው፣ እንዳይሰረቅ። ጓድ መኮንን በሩን ሲከፍቱ ቁልፋቸው ከእጃቸው አመለጠና የማጉያው ጀርባ ላይ ልጥፍ አለ።
«ያ ዋቃ! ማግኔቱ ሰውም ይጎትታል» አሉ ጋሽ ቶላ በኦሮምኛ አምላክን ጠርተው፣ እየሳቁ።
እኔ አልሳቅሁም፤ ማግኔት ዲስኬት ላይ የተቀዳውን ያጠፋል፣ ትናንት ማታ ደግሞ ማጉያው ካቢኔው ውስጥ አላደረም። ጓድ መኮንን ማጉያውን አስገብተው እንደገና ያሸጉትን የኔን ፖስታ ደገፍ አደረጉበት። ሰው ባለበት የውይይት ክበቡን ማጉያ እንዴት አድርጌ ልወንጅል? ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ፈሪ!

ዓርብ
እንደፈራሁት ተበላሽቶ አደረ። ብቻቸውን እስኪሆኑ ጠብቄ ገባሁና ነገርኳቸው።
«የክበቡ ማጉያ ነው የሚያበላሸው ልትዪኝ ነው?»
«እርስዎ ራስዎ ይፈትኑት። ሁለት ቅጂ ያሽጉ፤ አንዱ እዚህ ይደር፣ አንዱን ቤትዎ ይውሰዱት።»
ሁለት ቀዳሁ፤ ሁለቱንም አሸጉ።

ቅዳሜ
የካቢኔው አልተነበበም። የቤታቸው ተነበበ፣ አንድም ሳይጎድል!
ጓድ መኮንን ወንበሬ ላይ ቁጭ አሉ። «ደብዳቤው ትናንት ሄዷል። ስምሽ አለበት» አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ።
ባለሙያው ማሽኑን ጭኖ ሊነሳ ሲል ኮታቸውን አንስተው ተከተሉት። «ራሴ አዲስ አበባ ደርሼ ደብዳቤውን አስቆመዋለሁ» አሉኝ። ደህናውን ዲስኬት ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ሊሳፈሩ ሲሉ ግን ቆም ብለው ሾፌሩን ጠየቁት፦
«የዚህ መኪና ሬዲዮ ማጉያው በየት በኩል ነው?»
ከኋላ ነው ሲላቸው ፊት ተቀመጡ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። የሞጆን መንገድ ይዘው ሄዱ። ብቻ ደብዳቤው አይቅደማቸው። እስካሁን አልደወሉም።