ጠቦት ያልነው ግልገል

ውድ ሚጢጢ፣

ይህን ደብዳቤ መቅደድሽ ካልቀረ አንብበሽ ቅደጂው። የምግብ ቤቱ አስተያየት መስጫ ሣጥን ውስጥ ያን ወረቀት የከተትኩት እኔ ነኝ። ስም ያልነበረው፣ አለቃችን በሠራተኛው ሁሉ ፊት ያነበበው፣ ሽርጥሽን አስፈትቶ ያባረረሽ ወረቀት የገዛ እህትሽ የእጅ ሥራ ነው።

«ምግብ ዝርዝሩ ላይ ጠቦት ይላል፤ የሚቀርበው ግን ግልገል ነው። ጠቦት ሣር ቀምሷል፤ ይህ ገና ጡት አልጣለም። ከእናቱ ሥር ነጥቆ መብላት ነውር ነው» ነበር ያልኩት። ጽሑፌን እንዳታውቂው በግራ እጄ ጻፍኩት። ቃሉ ያኔም እውነት ነበር፣ ዛሬም እውነት ነው። የጻፈችው ሴት ግን ለግልገል አዝና አልነበረም። ቀንታ ነው።

ዘጠኝ ዓመት በዚያ ወጥ ቤት ሾርባ ሳማስል ኖሬ፣ አንቺ በመጣሽ በስድስተኛው ወር ዋና ሼፍ ሆንሽ። ተመጋቢ ከአዳራሽ ተነስቶ ወጥ ቤቱ በር ድረስ መጥቶ «የዛሬውን ሥጋ የሠራችው የቷ ናት?» ሲል ሁሉም ወደ አንቺ ይጠቁማል። እኔ ካሮቴን እከትፋለሁ። እማዬም ስትደውል «ሚጢጢ በላች? ሚጢጢ ደከማት?» ነው። አንድ ቀን «እኔስ?» ብላት «አንቺ ደግሞ ምን ትሆኛለሽ፣ ብረት ነሽ እኮ!» አለችኝ። ብረትም ይዝጋል።

ታሪኩን ታውቂዋለሽ። እማዬ አንቺን ስታረግዝ ገና በሰባት ወር ዕድሜዬ ጡቷን ሬት ቀብታ አስጣለችኝ። አንቺ እስከ ሦስት ዓመትሽ ጠባሽ። ለእንግዳ ሁሉ ስታወራው «ይቺ ሬቱን ቀምሳ እንዳኮረፈች ቀረች፤ እስካሁን አልታረቀችኝም» ትላለች። አንቺ ትስቂያለሽ። እኔም ቆሽቴ እያረረ እስቃለሁ። «ለምን በለጥሽኝ?» ብዬ ፊትሽን አይቼ መጠየቅ አቅቶኝ በምግብሽ መጣሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኸው ነው።

ግልገሎቹን የሚያስመጣው ራሱ አለቃችን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ያን ቀን ግን «እኔ መች አውቄ!» ብሎ አንቺ ላይ አላከከ። ዞር ብለሽ አየሽኝ። «እትዬ፣ አንቺ እንኳ ተናገሪ እንጂ» አልሽኝ። ድስት እያጠብኩ ነበር። የታጠበውን ድስት ደግሜ አጠብኩት።

የባሰውን ልንገርሽ። ቦታሽን ሰጠኝ፤ ተቀበልኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደንበኞች «ያ ለስላሳ ሥጋ የት ገባ?» ማለት ጀመሩ። አለቃችን «ስሙን ‹የቤቱ ልዩ› እንበለውና እንመልሰው» አለኝ። ምን ብለው ጥሩ ነው? «እሺ»። ረስተሽው ከሄድሽው የምግብ አሠራር ደብተር እያየሁ ልክ እንዳንቺ አድርጌ ሠራሁት። አንድ ሰውዬ በር ላይ መጥቶ «የቷ ናት?» አለ፤ ወደ እኔ ጠቆሙ። ደስ አለኝ፣ ሚጢጢ። ነውር ነው ያልኩትን በገዛ እጄ ጠብሼ ደስ አለኝ። ግልገሉ ትዝም አላለኝ።

ሥጋው ሁልጊዜ ተጸድቶ ነው የሚመጣልን። ትናንት ጠዋት ግን አንዱ ከነሆድ ዕቃው መጣ። ጨጓራውን ስከፍተው ሣር የለም፤ አንዲት ቅጠል እንኳ የለችም። የረጋ ወተት ብቻ፣ እፍኝ የማይሞላ። ሕፃን ያቀረሸበት ልብስ ይሸታል። ቢላዋዬን አስቀመጥኩ። እናቱ አሁን ጡቷ ሞልቶ እየፈለገችው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንቺንም ራሴንም ትቼ ስለ እሱ ሳስብ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዛሬ ለአለቃችን ሁሉንም ነገርኩት፤ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን፣ ያን ሥጋም ከእንግዲህ እንደማልሠራ።

«እና ማን ይሥራልኝ?» አለኝ።

«እንደ ድሮው ጠቦት ብለው ይጻፉ፤ ግን እውነተኛ ጠቦት ይግዙ» ብዬው ሽርጤን ያንቺ ሽርጥ ይሰቀልበት የነበረው ምስማር ላይ ሰቅዬ ወጣሁ።

ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት አፌ አይደፍርም፤ ግን እላለሁ። ለእማዬም ቅዳሜ ሄጄ ራሴ እነግራታለሁ። ተለውጣለች ብለሽ ደግሞ እንዳትሞኚ። ባለሽበት ከተማ ሌላ ምግብ ቤት መቀጠርሽን ስሰማ «እዚያም በር ድረስ ሊመጡላት ነው» አልኩ በልቤ። አሁንም እቀናብሻለሁ። ከእንግዲህ ግን ስቀና ቀናሁ ብዬ እነግርሻለሁ እንጂ ግልገሉን ጠቦት አልለውም።

ከሰባት ወሯ ጀምሮ ያኮረፈችው፣
እትዬሽ